ክርክር፦ ዳይፐር ለምትቀይር መምህር ደሞዟን ማን ይክፈል?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ አማርኛ የመስማት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ጠዋት ልጅ የምትቀበለው፣ ከሰዓት የምታስተኛው፣ ማታ በሩን የምትቆልፈው ብዙ ጊዜ የኛው ሴት ናት። ስለዚህ ከተማው የሕፃናት መምህራንን ደሞዝ ከግብር ገንዘብ መደጎም ሲጀምር ወሬው ቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ መስጊድም፣ ቡና ላይም ደረሰ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የዲሲ ምክር ቤት በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት አንድ ሕግ አወጣ። ከዓላማዎቹ አንዱ የዴይኬር መምህር ደሞዝ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደሞዝ ጋር እንዲተካከል ነበር። ሕጉ ወጣ፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም። በ2021 ምክር ቤቱ በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኙ ነዋሪዎች ላይ የገቢ ግብር ጨመረ፤ ከዚያም የተወሰነው ለዚህ ጉዳይ በፈንድ መልክ ተመደበ። በ2022 የመጀመሪያው ክፍያ ወጣ። ለዋና መምህር እስከ 14 ሺህ፣ ለረዳት እስከ 10 ሺህ ዶላር። ቀጥሎ ገንዘቡ ለሠራተኛ በቀጥታ መሰጠቱ ቀረና ለዴይኬሮቹ ይሰጥ ጀመር። የሚቀበሉ ዴይኬሮችም ከተወሰነ ወለል በታች ደሞዝ እንዳይከፍሉ ተባለ። በ2024 የበጀት ጉድለት መጣ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ፈንዱ ጭራሹን ይቅር ብለው አቀረቡ። ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮን ዶላር መልሶ አስገባበት።

ሁለት ሰዎች እንዲጽፉልን ጠየቅን። አንዷ ዲሲ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ዋና መምህር ናት። ሌላው ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ የዴይኬር ባለቤቶችንም የሠራተኞቻቸውንም መዝገብና ታክስ ይሠራል። የሷንም የሚሠራው እሱ ነው። እሷ በዕድሜ ስለምትበልጠው “አንተ” ትለዋለች፣ እሱ “እትዬ” ይላታል። እኛም አላስተካከልነውም። ስማችን አይውጣ ስላሉ ትተነዋል።

መምህሯ

ስሜ ባይወጣም ማዕረግ አለኝ። መምህር ነኝ። ለኩራት አይደለም የምለው። ሰው “የት ነው የምትሠሪው?” ብሎ ጠይቆኝ “ዴይኬር” ስለው፣ “አሃ፣ ልጅ ትጠብቂያለሽ” ይለኛል። ልጅ መጠበቅ ማለት ልጁ ደረጃ ላይ እንዳይወድቅ ማየት ነው። እሱንም እሠራለሁ። ሥራዬ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ባለፈው መስከረም አንዲት የስምንት ወር ልጅ መጣችልኝ። እናቷ ወደ ሥራ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እናትየዋ በር ላይ ታለቅሳለች፣ ልጅቷ እቅፌ ላይ ታለቅሳለች። ሌሎች ሦስት ሕፃናት አሉኝ። አንዱ ጡጦ ይፈልጋል። የአንዱ ዳይፐር ሞልቷል። አንዷ የጓደኛዋን ጆሮ ጨምድዳ ይዛለች። አዲሷን ልጅ በግራ ክንዴ እንደያዝኩ መስኮት ጋ ሄድኩ። “አውቶቡስ መጣ፣ አውቶቡስ ሄደ” እላታለሁ። ሦስተኛው ሲያልፍ ዝም አለች። በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። ከአንድ ወር በላይ ቆይታ አውቶቡስ ስታይ በጣቷ መጠቆም ጀመረች። ያቺ ጥቆማ የንግግር በር መክፈቻ ናት። በር ላይ ስታለቅስ ለነበረችው እናት የነገርኳትም እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። በ2009 ስጀምር በሰዓት 9 ዶላር ከ50 ነበር የማገኘው። ዛሬም አገሩን በሙሉ ካየን ለውጡ ትንሽ ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2023 ባወጣው አኃዝ የሕፃናት ተንከባካቢዎች መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 14 ዶላር ከ60 ነበር። ግማሾቻችን ከዚያ በታች እናገኝ ነበር ማለት ነው።

“ባለቤቶቹ በሉት” የሚል አለ። እኔም እንደዛ አስብ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ዲሲ ውስጥ ለሕፃን ክፍል ወላጅ በወር ወደ 2 ሺህ ዶላር ይከፍላል። በሕጉ አንድ መምህር ከአራት ሕፃን በላይ መያዝ አትችልም። አራት ጊዜ 2 ሺህ፣ 8 ሺህ። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ይወጣል። ኢንሹራንስ ይወጣል። ምግብ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ የዳይሬክተሯ ደሞዝ ይወጣል። ደግሞ ዴይኬሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ እኔ ስምንት ሰዓት ነው የምሠራው። ለቀረው ሦስት ሰዓት ሌላ ሰው መቀጠር አለበት። ለኔ የሚተርፈውን ገምቱት።

ወላጅ ከዚህ በላይ ክፈል ቢባል እናትየዋ ሥራዋን ትተዋለች። ባለቤቷ ከዚህ በላይ ክፈይ ብትባል ትዘጋለች። እኔ ከዚህ ባነሰ ሥሪ ብባል የመኪና ፓርኪንግ ሄጄ እሠራለሁ፤ እዚያ ቲፕ አለ። ሦስት ኪስ ባዶ ሲሆን አራተኛ ኪስ ይፈለጋል። እሱ የሕዝብ ኪስ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው

እትዬ ሂሳቡን ልክ ነው የሠሩት። እንዲያውም የአሠሪዋን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻ ረስተዋል፤ በሰው 7.65 በመቶ ነው። ስለዚህ “ገንዘቡ የለም” በሚለው አንጣላም። እኔ የምጣላው “ስለዚህ ከተማው ይክፈል” ከሚለው ላይ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ክፍያ ሲወጣ ሰው ዕልል አለ። 10 ሺህ ዶላር ባንድ ጊዜ! ቀሪ ዕዳ የከፈለ አለ። መኪና የገዛ አለ። አዲስ አበባ ለእናቷ ሕክምና የላከች አለች። ከዚያ የታክስ ወቅት መጣ። ደንበኞቼ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ከፌስታሉ ውስጥ 1099 ፎርም ይወጣል። ገንዘቡ ግብር ሳይቆረጥለት ነው የመጣው። “ይሄን ተቀብለሽ ነበር?” እላለሁ። “አዎ፣ ከተማው የሰጠን ስጦታ” ትለኛለች። ስጦታ አልነበረም፣ ገቢ ነበር። አንዷ ዕዳዋን ስነግራት ፌስታሉን መልሳ አሰረችው፤ ካሰረችው የሚቀር ይመስል።

የገቢዋ ቁጥር ከፍ ስላለ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) የተቋረጠባትም አለች። የልጆቿ ዴይኬር ቫውቸር (ከተማው ለወላጅ የሚሰጠው የክፍያ ድጋፍ) ላይ የምትከፍለው ድርሻ የጨመረባትም አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው።

ሁለተኛ፣ ለምን እነሱ ብቻ? አዛውንት ቤት እየሄደች የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ መድኃኒት የምትሰጥ እህታችን አለች። እሷም ጀርባዋ ተሰብሯል። እሷንም የሚከፍላት ቤተሰብ አቅሙ አልቋል። ሂሳቡ አንድ ነው። የሕፃኑ መምህር 14 ሺህ ስታገኝ የአዛውንቷ ተንከባካቢ ዜሮ። ቤቢሲተር ሆና ሰው ቤት የምትሠራውም ዜሮ፤ ፈንዱ ፈቃድ ላላቸው ዴይኬሮች ብቻ ነውና። በየትኛው ሚዛን?

ሦስተኛው ወጪውን ራሱ ከተማው ማናሩ ነው። በ2016 ያወጣው ደንብ ዋና መምህር የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ረዳት ደግሞ ሲዲኤ የሚባለው የሕፃናት አስተማሪነት የብቃት ወረቀት ይኑራት አለ። ቀነ ገደቡ እየተገፋ እስከ 2023 መጨረሻ ሄደ። መጀመሪያ የብቃት ወረቀት ትጠይቃለህ። ከዚያ ወረቀት ያላት ሰው ውድ ሆነች ትላለህ። ከዚያ ጎረቤትህን “ልዩነቱን ክፈል” ትላለህ። ለመሆኑ መስኮት ጋ ወስዶ አውቶቡስ ለማሳየት ዲፕሎማ ያስፈልጋል? እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ ዘጠኝ ልጅ ያሳደገችው ያለ ሲዲኤ ነው።

መምህሯ

እናትህን አክብሬ ልመልስልህ። እናትህ ዘጠኝ ልጅ ያሳደገችው ዘጠኙንም ባንድ ቀን ተቀብላ አይደለም። ጎረቤት ነበራት። አያት ነበረች። የላይኛው ልጅ የታችኛውን ያዝል ነበር። ፊደል የቆጠራችሁት ደግሞ የኔታ ዘንድ ነው። የኔታን ማን ነበር የሚያኖራቸው? የያንዳንዱ ልጅ ወላጅ ብቻ አልነበረም። ደብሩም ሰፈሩም ነበር። እኛ አገር ያለ ልጅ አስተማሪ በሰፈር ሲደገፍ አላፈርንም፣ እዚህ ምን ያሳፍረናል?

ስለ ሲዲኤም ትንሽ ልበል። 120 ሰዓት ትምህርት ነው። 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ሥራ ነው። ከዚያ የሥራሽን ማስረጃ በጥራዝ ታዘጋጃለሽ፣ ሰው መጥቶ ክፍል ውስጥ ያይሻል፣ ፈተና አለ። እኔ የተማርኩት ማታ ማታ፣ ልጆቼን አስተኝቼ ነው። የተማርኩትም ቀልድ አይደለም። ሕፃን በጀርባው ካልተኛ ምን እንደሚደርስበት እዚያ ነው ያወቅሁት። እኛ አገር በሆዱ እናስተኛ ነበር። ልጅ ሲነክስ ለምን እንደሚነክስ ተማርኩ። በፊት ብሆን “ነውር ነው!” ብዬ እጁን መታ አደርግ ነበር። አሁን ጥርሱ እያወጣ መሆኑን፣ ወይም ቃል አጥቶ መሆኑን አያለሁ። እና ዲፕሎማ ለአውቶቡሱ አያስፈልግም። ለምን መስኮት ጋ እንደምወስዳት ለማወቅ ግን ረድቶኛል።

የ1099ኙ ነገር ልክ ነህ። እኔንም አንተው ነህ ያስደነገጥከኝ። ግን ያ ተስተካክሏል እኮ! አሁን ከደሞዝ ጋር ነው የሚመጣው፣ ታክሱም እዚያው ይቆረጣል። ወለሉ ሲወጣ፣ በ2024ቱ የበጀት ዓመት ማለት ነው፣ ሲዲኤ ያላት ረዳት 51,006 ዶላር፣ እንደኔ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ያላት ዋና መምህር 63,838፣ ባለ ዲግሪዋ 75,103 ነበር። እኔ ከዚያ በፊት 41 ሺህ ነበርኩ። 41 ሺህ በዲሲና አካባቢዋ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። በ2023ም የዴይኬር ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ እንድታገኝ ከተማው ፕሪሚየሙን የሚሸፍንበት ፕሮግራም ተጀመረ። ጥርሴን ሳይሆን ደም ግፊቴን የተከታተልኩት በሱ ነው።

ፉድ ስታምፕ ተቋረጠ ላልከው፦ ድሃ ሆኖ ለመቆየት ብሎ ደሞዝ ጭማሪ የሚመልስ ሰው አይተሃል?

የአዛውንቶቹን ተንከባካቢ ስታነሳ ደግሞ ልቤ ተነካ። እህቴ እሱን ትሠራለች። ለሷም ይከፈል ብለህ ብትከራከር አብሬህ እቆማለሁ። አንተ ግን ለሷ ስላልተከፈለ ለኔም አይከፈል ነው የምትለው።

ሒሳብ ሠራተኛው

የኔታን ማንሳትዎ መልካም። የኔታ ግን ከሌላ ወረዳ ሰው ግብር አልተሰበሰበላቸውም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኞቼ ከሆኑት የዲሲ ዴይኬር መምህራን ብዙዎቹ የሚኖሩት ሜሪላንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ላንግሊ ፓርክ። ግብራቸውን የሚከፍሉት ለሜሪላንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ባለው ስምምነት መሠረት የገቢ ግብር በሚኖሩበት ነውና። የዲሲ ነዋሪ ግብሩን ይከፍላል፣ ጭማሪው ወንዙን ሳይሻገር ኢስተርን አቬኑን ይሻገራል። መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ፣ ባንዱ በኩል ያለው ሱቅ ዲሲ ነው፣ ፊት ለፊቱ ሜሪላንድ። ማዶ ያለው ዴይኬር ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ድጎማ የለውም። ጥሩ መምህሩን ሁሉ ወዲህ ወሰዱበት። አንድ ባለቤት “እኔ አሠለጥናለሁ፣ ዲሲ ትቀጥራለች” ብላኛለች። ስሟን አልጠራም፣ ግን አልዋሸችም።

ሌላው፣ ድጎማው ለድሃ ልጅ ብቻ አይደለም። ሁለት ጠበቃ ወላጅ ያለው ልጅ የሚማርበት ዴይኬርም ከገባበት ያገኛል። ለኔ የተሻለው ለወላጅ በገቢው ልክ ቫውቸር መስጠት ነው። ከተማው ቫውቸር አለው። እሱን ያስፋው። ወላጅ ጥሩ መምህር ያለበትን ይመርጣል፣ ገንዘቡም ይከተለዋል።

መምህሯ

ኢስተርን አቬኑን የተሻገርኩት ወድጄ መሰለህ? ዲሲ ኖሬ ነበር። ኪራዩ ነው ያሻገረኝ። ጭማሪው የሚከፈለው ደግሞ እኔ ለምተኛበት ቤት አይደለም። የዲሲን ልጅ ለያዝኩበት ሰዓት ነው። ፖሊሱም የእሳት አደጋ ሠራተኛውም ሜሪላንድ እየኖረ ዲሲ ይሠራል፤ “የምትተኛው የት ነው?” ብሎ ደሞዙን የሚቀንስበት የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ነገር ሰው ሲያነሳው አልሰማም፣ ዋናው ግን እሱ ነው። አንተም በመዝገብ ላይ ሳታየው አትቀርም።

በ2008 ዲሲ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በነፃ ትምህርት ቤት ይግቡ የሚል ሕግ አወጣች። ጥሩ ሕግ ነው። የኔም ልጅ ተጠቅሟል። ግን ዴይኬር ውስጥ ምን እንደሆነ ስማ። በፊት እኛ ጋ ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ አምስት ዓመቱ ይቆይ ነበር። የሕፃናት ክፍል ሁልጊዜ ኪሳራ ነው፤ አራት ልጅ ላንድ መምህር። የትልልቆቹ ክፍል ግን አንድ መምህር ስምንት ልጅ ትይዛለች። ስለዚህ ትልልቆቹ ክፍል ያመጡት ገንዘብ የሕፃናቱን ክፍል ቀዳዳ ይደፍን ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ወላጅ ሳያውቀው የስምንት ወሯን ልጅ ይደጉም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ከተማው ትልልቆቹን በነፃ ወሰዳቸው። ከወላጅ አንፃር ማን ይቃወማል? እኛ ጋ የቀሩት ግን ውድ የሆኑት ብቻ ናቸው። ዳይፐር ያላቸው፣ ጡጦ ያላቸው፣ አራት አራት የሚያዙት። ቀዳዳውን የሠራው ከተማው ነው። አሁን ቀዳዳውን ድፈን ሲባል “የገበያ ጉዳይ ነው” ይባላል።

እስቲ አንድ ልጅ እንከተል። የሁለት ዓመት ከአሥር ወር ልጅ እኔ ጋ ይውላል። በሚቀጥለው ነሐሴ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለት መንገድ ተሻግሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል። ልጁ ያው ልጅ ነው። እንቅልፍ ላይ ያችኑ ጥንቸል አቅፎ ነው የሚተኛው። መምህሩ ግን አሁን የመንግሥት መምህር ናት፣ ጡረታ አላት፣ በበጋ ታርፋለች። የሁለቱን ጠበቃ ልጅም በነፃ ታስተምራለች፤ ያኔ “ሀብታም ነው፣ ለምን?” ያለ ሰው የለም። የኔና የሷ ልዩነት የልጁ ልደት ነው። ሻማውን እፍ ሲል ደሞዙ ይቀየራል።

ቫውቸር ላልከው፦ ቫውቸር ወላጅን ይረዳል። እኔ ጋ ለመድረስ ግን በኪራይ በኩል፣ በኢንሹራንስ በኩል፣ በተሰበረው ቦይለር በኩል ነው የሚያልፈው። ሲደርስ ሳንቲም ነው። ደሞዝ እንዲጨምር ከተፈለገ ደሞዝ ላይ ነው የሚጨመረው።

ሒሳብ ሠራተኛው

ይህን ነጥብ እሰጥዎታለሁ። መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ። አንዲት ደንበኛዬ የአራት ዓመቶቹን ክፍል ስትዘጋ ገቢዋ በግማሽ ሲቀንስ ወጪዋ በሲሶ ነው የቀነሰው። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ “ቢዝነስ ቀዘቀዘ” ብዬ አልፌው ነበር። እትዬ አሁን ነው የገለጡልኝ።

ግን ነገሩ እውነት ከሆነ መፍትሔው ፈንድ አይደለም። እንዲያውም ፈንድ መባሉ ራሱ ነው ችግሩ።

የ2024ን ጸደይ አስታውሱ። ደንበኞቼ ውል ፈርመዋል፤ “ከወለሉ በታች አንከፍልም” ብለው። ደሞዝ ጨምረዋል። መምህራኑ በዚያ ደሞዝ ቤት ተከራይተዋል፣ አንዷ ለቤት ግዢ ባንክ ሄዳለች፤ የደሞዝ ወረቀቷን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከንቲባዋ በጀቱን አቀረቡ፣ ፈንዱ የለበትም። ከኮቪድ ጊዜ የመጣው የፌዴራል ገንዘብ አልቋል፣ መሀል ከተማ ቢሮዎቹ ባዶ ናቸው፣ ከተማው መጠባበቂያውን መልሶ መሙላት አለበት። ምክንያቱ አልጠፋም። ግን በነዚያ ሳምንታት ስልኬ አላረፈም። “የጨመርኩትን ደሞዝ መልሼ መቀነስ እችላለሁ?” “ሰው ላባርር?” “ባንኩ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?” ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮኑን ሲመልስ ሰው ተነፈሰ። እስከሚቀጥለው በጀት ድረስ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በየዓመቱ ጸደይ ቲሸርት ለብሶ ምክር ቤት ፊት እየተሰለፈ የሚቀበሉት ደሞዝ ደሞዝ አይባልም። የሦስት ዓመት ልጅ መምህር ደሞዟን ለማግኘት አትሰለፍም፤ ትምህርት ቤት በጀት ውስጥ ነው ያለችው። ከተማው አምኖበት ከሆነ የናንተንም እዚያ ያስገባው። ወይም ኒው ሜክሲኮ እንዳደረገችው ያድርግ። በኖቬምበር 2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ፤ ከመሬትና ከዘይት ከሚሞላው ቋሚ ፈንዳቸው ላይ ለሕፃናት ትምህርት በየዓመቱ እንዲቆረጥ። ማንም ከንቲባ በአንድ ጸደይ አይሰርዘውም። ዲሲ ዘይት እንደሌላት አውቃለሁ። ግን ቋሚ ምንጭ ሳይኖር ሰውን በ63 ሺህ ደሞዝ ማስለመድ፣ ቆይቶ መንጠቅ፣ ከመጀመሪያው ካለመስጠት የከፋ ነው። የኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው።

መምህሯ

እንግዲህ ተቀራረብን። የተቃወምከኝ ደሞዙ በዛ ብለህ ሳይሆን አይጸናም ብለህ ነው። ከመጀመሪያው እንዲህ ብትል እናትህን ባላነሳን።

ግን “ቋሚ እስኪሆን አይጀመር” የምትለውን አልቀበልም። ይህ አገር ቋሚውን ሲጠብቅ ስንት ዓመት እንደሆነው ታውቃለህ? በ1971 ኮንግረስ በመላ አገሪቱ የሕፃናት መዋያ የሚያቋቁም ሕግ አጽድቆ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዲሴምበር ውድቅ አደረጉት። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ዛሬ የልጅ ልጅ አለኝ። ቋሚውን የሚጠብቅ ሕፃን የለም። ሕፃን ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይሆናል።

ያ ፈንድም ጎዶሎ ቢሆን ሥራ ሠርቷል። ማቴማቲካ የተባለ የጥናት ድርጅት እንዳገኘው፣ በ2023 መጨረሻ ዲሲ ውስጥ የሕፃናት መምህራን ቁጥር ፈንዱ ባይኖር ሊሆን ከሚችለው 7 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር። ላንተ ትንሽ ቁጥር ይመስልህ ይሆናል። እኛ ጋ እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። ከፈንዱ በፊት አብራኝ የምትሠራ ረዳት ባንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተቀይራለች። አንዷ ሐሙስ ቀን ከምሳ በኋላ ሄደች፤ መጋዘን ውስጥ በሰዓት አራት ዶላር የሚበልጥ አግኝታ። አልፈርድባትም። የአንድ ዓመት ልጅ ግን ደሞዝ አያውቅም። ከእንቅልፉ ሲነሳ በሩን ያይ ነበር። በማግስቱም አየ። ሰኞም አየ። ከፈንዱ በኋላ አብራኝ ያለችው ረዳት ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

አዎ፣ በየጸደዩ ምክር ቤት ፊት ሄጃለሁ። ቲሸርቱም አለኝ። መሰለፍ አይሰለቸኝም ማለት አይደለም፤ እግሬ ያብጣል። ግን ልጆቹ በሚተኙበት ሰዓት ተተክቶልኝ ነው የምሄደው፣ ሲነሱ እመለሳለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛው

ስለዚያ ሐሙስ የምለው የለኝም።

አሁንም ግን ፊርማዬን የማኖረው በትምህርት ቤት በጀት ውስጥ ካስገቡት ብቻ ነው። ያለዚያ ጸደይ ሲመጣ ስልኬን የምታነሱት እናንተ ትሆናላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፣ ከርዕሱ ወጣ ቢልም። እትዬ በየዓመቱ ታክስ ሊያሠሩ ሲመጡ የቀለም፣ የእርሳስ፣ የመጽሐፍ ደረሰኝ በፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ከኪሳቸው የገዙት ነው። በየዓመቱ ደረሰኙን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። የፌዴራሉ የታክስ ሕግ መምህር ለክፍሏ የገዛችውን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ቀንሺ ይላል፤ “መምህር” የሚለው ግን ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል ያለችውን ነው። እትዬ አይገቡበትም። ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ አፍራለሁ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ ደረሰኞቹን ግን ከእንግዲህ ባያመጧቸው ይሻላል።

መምህሯ

ዘንድሮም አመጣለሁ። ፖስታው ሞልቷል፣ ትልቅ ገዝቻለሁ። የፖስታውም ደረሰኝ አለኝ።